ራስ የሌለው የአምስት ሳንቲም ወታደር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ደጄን የሚያንኳኳው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ወይ ዕቁብ እንድይዝለት፣ ወይ ሳንቲም አይቼ እንድለይለት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ባንክ ቤት ሳንቲም ስለቅም ነው የኖርኩት፤ ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ዕቁቡስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። የሳንቲሙ ነገር ግን ባለፈው ሰሞን ክው አድርጎኝ አለፈ።

ጎረቤቴ ሙና ስልኳን ይዛ መጣችና፣ “እትዬ ዘነበች፣ ይቺን ይዩልኝማ” አለች። ስልኩ ላይ ዳሩን አይጥ የበላው ብስኩት የመሰለ ሳንቲም አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የሚሸጥበት ዋጋ። ዋጋውን ሳይ መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጠርጌ መልሼ አየሁ። ያው ነው፤ አልቀነሰም። ለካ ሲታተም የተበላሸ ሳንቲም ዛሬ እንደ ጌጥ ይፈለጋል፤ ሰብሳቢ የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ይሻሙበታል። ሙናም የድርሻዋን ልታገኝ በሁለቱም በኩል አንበሳ ያለበት ሳንቲም ይዛለች። ከአንድ ሰው ላይ ልትገዛው ነው፤ ሰውየው እስክታሳየኝ ድረስ አምኖ ሰጥቷታል።

ተቀበልኳትና ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁት። ዱብ አለ እንጂ አልጮኸም። ከዳሩ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ በጥፍሬ ስዞረው አንድ ቦታ ላይ ጥፍሬን ያዘኝ። ሁለት ሳንቲም ነው። የአንዱን ሆድ ቦርቡረው፣ ሌላውን ዙሪያውን ሸርሽረው አሳንሰው፣ እንደ ክዳን ገጥመውታል። ማተሚያ ብዙ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰው ነው የሚሠራው። ይህን ነገርኳትና፣ “ቢሆንም ሌላ ሰው ደግሞ ይይልሽ” አልኳት።

“ደግሞ ከእርስዎ በላይ ማን ሊያውቅ?” አለችኝ።

ሳንቲሙን መለስኩላት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ስልኳ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰው በደስታ ከፍሎ የሚገዛው የተነከሰ ሳንቲም! በኛ ዘመን እኮ በዚያ የተነከሰ ሳንቲም ሰው ታስሯል። ያሳሰረውም የኔ ፊርማ ነው። ይህን ለልጆቼ እንኳ በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁን ግን ልንገራችሁ።

ባንክ የገባሁት ደርግ በመጣ ሰሞን ነው፣ እዚሁ ጅማ። አባቴ ከዳውሮ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ቡና ለቃሚ። ትምህርት ሲዘጋ እኔም መጋዘን ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የጎመዘዘውን ፍሬ ስለቅም ነው ያደግሁት። ሥራ ፍለጋ ስሄድ ፈተናውን ካለፍነው ስድስት ልጆች መካከል የሳንቲም ክፍሉ ኃላፊ አባ ዋሪ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ እናታችሁ ምን ትሠራለች? የኔን ሲሰሙ ለሥራ አስኪያጁ፣ “ይቺን ስጡኝ፣ የለቃሚ ዓይን አላት” አሉ። ደሞዙ ለእናቴ የቤት ኪራይና ለኔ አንድ ጫማ ይበቃ ነበር፤ ሌላው ተረፈ ምርት ነው።

አባ ዋሪ የጅሬን ሰው ናቸው። በየጠዋቱ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ በእግራቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ፀሐይ ሆነ ዝናብ ጃንጥላው አይቀርም፣ አይዘረጋምም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳንቲም የሚታተምበት ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ስለዚህ እኛ ሳንቲምን ካለቀ በኋላ ስናውቀው እሳቸው ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ሲደሰቱብኝ “ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡኝ ደግሞ “ወይዘሪት” ይሉኛል። ወይዘሪት የተባልኩባቸውን ቀናት ብቆጥር ከሌላው ይበዛሉ።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። እንግዳ ሳንቲም ሲመጣላቸው መጀመሪያ የተበላሸውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑታል። እኔ የተበላሸውን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ እሳቸው ደብቀውት ሌላ ሌላውን ያያሉ። “ቁስሉ የትም አይሄድም፤ አንቺ ማዶውን እይ” ይሉኛል። ሁለተኛው፣ ስስ ወረቀት ደርበው በእርሳስ እየፈገፈጉ የሳንቲሙን መልክ በደብተር ላይ ያወጣሉ፣ በሁለቱም በኩል። እኔም የራሴ ደብተር እንዲኖረኝ አስገድደውኛል። ሦስተኛው ልማዳቸው ግን ሰውን ሁሉ የሚያስቆጣ ነው፤ ባዩበት ቀን አይፈርሙም። “ይደር” ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በማግስቱ እጃቸውን ታጥበው እንደገና ያወጡታል፣ እንዳላዩት ሆነው።

ባንክ በገባሁ በሁለት ዓመቱ ግድም አዲሱ ገንዘብ ወጣ። ንጉሡ ከሳንቲሙ ላይ ወርደው አንበሳው ቀርቷል፤ በጀርባው ደግሞ ገበሬ፣ ሚዳቋ መሳይ፣ እጁን ያነሣ ሕዝብ፣ አምስት ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር። ሰው አዲስ ገንዘብ ስለማያምን ትንሽ ጉድለት ያየበትን ሁሉ ሐሰተኛ ነው እያለ ወደኛ ያመጣል። እኛም እንለያለን። ማተሚያው ሲንሸራተት አንበሳው ወደ ዳር ይሄድና ሌላው ወገን ባዶ ሜዳ ይሆናል፤ ይህ እውነተኛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ የታተመው ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቀጣዩን በራሱ መልክ ይመታዋል፤ አንበሳው ወደ ውስጥ የሰመጠ፣ ፊቱም የዞረ ሆኖ ይወጣል። እሱም እውነተኛ ነው፣ ብርቅ ነው።

አንዴ አጋሮ በቡና ወቅት ተመድቤ ሳለሁ እንዲህ ያለ የሰመጠ አንበሳ መጣልኝ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ግን ቁስሉን ሸፍኜ ገለበጥኩት። በጀርባው ያለው ምስል እንደ ተረገጠ ጭቃ ተለጥጧል። እውነተኛው ቢሆን ጀርባው ጥርት ብሎ መታተም ነበረበት፤ ይሄ ግን ሁለት ሳንቲም በጋራዥ ሞርሳ ውስጥ አጣብቀው ያጠበቁት ነው። መካኒኩም ኋላ እየሳቀ አመነ፣ ለጓደኞቹ መቀለጃ ነበር። ያን ቀን አባ ዋሪ በስልክ ሲሰሙ “ኢንተላ ኮ” አሉኝ። አራት ቀን ሙሉ መሬት አልነካሁም።

አሁን የተነከሰውን ላስረዳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። አባ ዋሪ ያስረዱኝ በብስኩት ነው። ሊጥ ዳምጠሽ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ስታወጪ፣ ብርጭቆውን ቀድሞ የተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ደረብ አድርገሽ ብታሳርፊው ምን ይወጣል? አንድ ጎኑ የተነከሰ ብስኩት። ሳንቲምም ከመታተሙ በፊት እንደ ቀበቶ ከተዳመጠ ነሐስ እንዲሁ እየተቆረጠ ነው የሚወጣው፤ ነሐሱ በትክክል ካልተገፋ የተነከሰ ክብ ይወጣል። ከዚያ ክቡ በሁለት ብረት መሀል እየተሽከረከረ ይጨመቅና ዳሩን ዞሮ ከፍ ያለው መስመር ይወጣለታል፤ እሳቸው ያንን መስመር “ከንፈር” ነው የሚሉት። የተነከሰው ጎን አንዱ ብረት ጋ ሲደርስ ግን የሚጨመቅ ነገር የለም። ከማዶው ያለውም ጎን ስለዚህ ሳይጨመቅ ሾልኮ ያልፋል። እንግዲህ የእውነተኛ ንክሻ ምልክቱ ንክሻው ላይ አይደለም፤ በትክክል ከማዶው ከንፈሩ ደብዝዞ፣ የሳሳ ሆኖ ይገኛል። ሰው በሞረድ የቆረጠው ግን መጀመሪያ ሙሉ ሆኖ ስለታተመ ማዶው ከንፈሩ እንዳለ ነው። ይህን ማንም ሞረድ ያለው ሰው ሊያስመስለው አይችልም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያጠፋሁት።

አዲሱ ገንዘብ በወጣ በሁለተኛው የቡና ወቅት አባ ዋሪ በተራቸው ወደ አጋሮ ተላኩና ክፍሉ በኔ እጅ ቀረ። ዘመኑ ክፉ ነበር። የኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጓል፣ ታናሽ ወንድሜ ሦስት ሳምንት ታስሮ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀምሯል። እኔም ባንክ ውስጥ የማን እህት እንደሆንኩ የሚያውቅ ሁሉ ይከተለኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ገብቼ ሳይ አንድ የምርመራ ሰው፣ ጓድ ነው የምንለው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ አምስት ሳንቲም። ቀረብ ብዬ አየሁት። ዳሩ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተነክሷል፤ ንክሻው ያረፈው ደግሞ ልክ ወታደሩ ላይ ነው። ጠመንጃው አለ፣ ደረቱ አለ፣ ራሱ የለም።

ባለ ሳንቲሙ ጀማል ይባላል፣ ከጅማ አለፍ ብላ ባለችው ሰቃ ባለ ሱቅ ነው። ሳንቲሙ ለዝርዝር ከወሰደው ገንዘብ ውስጥ ወጥቶለት ገርሞት አስቀመጠው፣ ለደንበኛም አሳየ። “ይሄ ወታደር ራሱን የት ጥሎት መጣ?” እያለ አስቋል አሉ። ሳቁ ቀበሌ ደረሰ። አሁን እስር ቤት ነው፤ የአብዮቱን ወታደር ራስ ቆርጠሃል ተብሎ።

ጓዱ ድምፁን አላነሳብኝም። ሲታተም የሆነ ነው ወይስ ሰው የቆረጠው፣ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ንክሻው ላይ ደገንኩ። አየሁት። ሁለት ቀጭን፣ የሚያበሩ ጭረቶች፣ የሞረድ።

“የሞረድ ምልክት አለው” አልኩ።

ማዶውን ማየት ነበረብኝ። አውራ ጣቴን እንኳ አላነሣሁም። ዓይኔ ሞረዱ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ሐሳቤ ደግሞ ወንድሜ ላይ ነበር። ብቻ በልማድ ደብተሬን አውጥቼ የሳንቲሙን ሁለት ገጽ በእርሳስ ፈገፈግሁ። ከዚያ ይደር፣ ነገ ልመልከተው፣ ኃላፊዬ አባ ዋሪም አጋሮ ስለሆኑ ይምጡና ይዩት አልኩ። ጓዱ ሰዓቱን አየ፤ ይህ ጉዳይ የሚያድር አይደለም፣ አንቺም ዛሬ ቤትሽ ሳታድሪ እንዳትቀሪ አለኝ። ቃል በቃል ያለው ይህ መሆኑን አልምልም፤ የሰማሁት ግን ይህን ነው። ጻፍኩ። ጠርዙ በሞረድ ተቆርጧል ብዬ ጻፍኩ። “ሆን ተብሎ” የሚለውን ጨምሪ ሲለኝ ጨመርኩ። ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ እጃቸው የብረት ሠራተኛ እጅ ነው። አባ ጊዲ እባላለሁ አሉ፣ የሄርማታ ገበያ ሰው፣ የጀማል አባት። ከኋላቸው ሰልፉ ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛው ቆሞ ያየናል። እሳቸው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ሞረድ አወጡ።

“ልጄ፣ ሞረዱ የኔ ነው” አሉ። “ጀማል አልነካውም። ወላሂ ነው የምልሽ።”

የጠገራ ብር ነጋዴ ነበሩ ለካ። በጠገራ ዘመን ሄርማታ ውስጥ የእርሳስ ብረት በብር ለብጠው የሚያመጡ ብዙ ስለነበሩ ነጋዴው ሁሉ የተጠራጠረውን ጠገራ ዳሩን በሞረድ ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ ውስጡን ያያል። ልማዳቸው ነው። ልጃቸው ያንን የተነከሰ ሳንቲም ሲያሳያቸው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሞረዱ ሄደ፤ ንክሻው ላይ ሁለቴ ሳቡ፣ ውስጡም ነሐስ መሆኑን አይተው መለሱለት። ሁለት ጊዜ ብቻ።

ሰማኋቸው። ግን ምን ብዬ ሰማኋቸው መሰላችሁ? አባት ነው፣ የልጁን ጥፋት በራሱ ላይ ሊወስድ መጥቷል፣ የኔም አባት ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር፣ ብዬ። አዘንኩላቸው፣ አላመንኳቸውም ግን። ደግሞም ዘበኛው እያየኝ ነው። “አባባ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ለሚመለከተው ይንገሩ” አልኳቸው። ሞረዱን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።

“እንግዲህ ነግሬሻለሁ” አሉና ሄዱ።

አባ ዋሪ የተመለሱት የቡናው ወቅት ሲያልቅ ነው። ሻይ ይዘን ያለፈውን ሁሉ ስዘረዝርላቸው የዚህንም ነገር ነገርኳቸው፤ በጨዋታ መሀል፣ ከባድ ጉዳይ እንደ ተወጣሁ ዓይነት። የሞረዱን ምልክት አገኘሁት ስል ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ማዶውስ?” አሉኝ።

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

“ወይዘሪት፣ ማዶውስ?”

ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ያን ቀን ከፈገፈግሁት ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ገጹን ገለጥኩት፣ እግዚአብሔር ይየው። ራስ የሌለው ወታደር አለ፣ ንክሻው አለ። ከንክሻው በትክክል ማዶ፣ ከወታደሩ እግር ሥር፣ ዳሩን የሚዞረው ጥቁር መስመር እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። በአንበሳውም በኩል እንዲሁ። ገና ሞረድ ሳይነካው፣ ገና ሰቃ ሳይደርስ፣ ሲወለድ ጀምሮ የተነከሰ ሳንቲም ነው። የገዛ እጄ በገዛ እርሳሴ ሥሎት ነበር። እርሳሱ ያየውን እኔ አላየሁም።

አባ ዋሪ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። “አሁን ሰውየው የት ነው?” ብቻ አሉኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው ጃንጥላቸውን አነሱና “ተነሽ” አሉ።

ሄድን። ጓዱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል፤ በቦታው ያለው ሰው ስለ ሳንቲም የሚያወሩ ሁለት የባንክ ሠራተኞች መሆናችንን ሲሰማ መሳቅ ቃጣው። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል አለን። ሳንቲሙን አሳዩን ብንል ከወረቀቱ ጋር ነው አለን። አባ ዋሪ እንግዲያው ሌላ ማስረጃ እናምጣ አሉ። ከሥራ በኋላ እየቆየን፣ ከአዲስ አበባ በእርሳስ ብረት ማህተም ታሽጎ የመጣውን፣ የሰው እጅ ያልነካውን የአምስት ሳንቲም ከረጢት እየፈታን አንድ በአንድ አየን። በአሥራ ሰባተኛው ቀን አንድ የተነከሰ አገኘን፤ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ። ሞረድ የለም፣ ማዶው ግን የሳሳ ነው። ሁለቱንም ከደብተሬ ገጽ ጋር አያይዘን፣ ከሥሩ ተሳስቻለሁ ብዬ ፈርሜ፣ ሞረዱ የአባትየው መሆኑንም ጽፌ አስገባን። ተቀባዩ ማህተም መታበት። ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ጠየቅን፣ ዝም። እንደገና ጻፍን፣ ዝም። እኔን እስኪያስሩኝ ጠበቅሁ፤ ማንም አልጠራኝም። እሱም አስደነገጠኝ፤ ሰው ያሳሰረ ቃሌ ሰውን ሊያስፈታ ሲል የሚሰማው ጠፋ።

ጀማል ሁለት ክረምት ታሰረ። ሲፈታም ደብዳቤያችን አላስፈታውም፤ የአብዮት በዓል ሲከበር ምሕረት ተደርጎላቸው ከወጡት ውስጥ ነው። ምሕረት! ባላጠፋው ጥፋት ይቅር ተባለ። ሰቃ ሲመለስ ወታደሩን የቆረጠው ሰውዬ ነው፤ ይቅር የተባለ ጥፋተኛ። ከሱቁ የሚገዛ ሰው ሳንቲሙን ቆጥሮ ከመክፈሉ በፊት ግራ ቀኙን ያያል አሉኝ።

ከወር በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አዳራሹ በቡና ነጋዴ ሞልቶ ሳለ አንድ ቀጭን ሰው መስኮቴ ላይ ቆመ። አላወቅኩትም። በመስኮቱ ሥር በጣቱ አንድ ነገር ገፋልኝ። ራስ የሌለው ወታደር። ሲፈታ ቀበቶውንና ሰዓቱን በፖስታ አድርገው ሲመልሱለት ከወረቀቱ ጋር ሄዷል የተባለው ሳንቲምም ለካ አብሮ ነበር። በሰላምታ ፈንታ፣

“ይህን ይቀይሩልኝ” አለ።

ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ሰው ያበላሸው ሳንቲም ይወረሳል፣ ሲታተም የተበላሸ ግን በልኩ ይቀየራል። የጠየቀኝ አምስት ሳንቲም አይደለም። ሁለት ክረምት ሲጠይቅ የኖረውን፣ ማን ቆረጠው የሚለውን ነው አሁንም የጠየቀኝ። ሳንቲሙን አነሣሁ። ራስ የሌለውን ቦታ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩ። ማዶውን አየሁ። ደብዝዟል፤ ያለ ማጉያ፣ ያለ ምንም ይታያል። ልጅ እንኳ ያየዋል።

“እውነተኛ ነው” አልኩ። “ሲታተም የሆነ ነው። ማንም አልቆረጠውም።”

“ጮክ ብለው ይናገሩ” አለኝ። “እነዚህ የሰቃ ሰዎች ናቸው።”

ዞር ብዬ አየሁ። ሰልፉ ወደ መስኮቱ አንገቱን አስግጓል። ተነሥቼ ቆምኩና ደገምኩት። ስህተቱ የኔ ነው፣ የጀማል አይደለም ብዬም ጨመርኩ። በባንኩ ወረቀት ላይ ጽፌ ማህተም መትቼ ሰጠሁት። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ስለ አባቱ ጠየቅሁት። ምነው አፌን በቆረጠው።

“ዓምና አረፈ” አለ። “እኔ ውስጥ ሳለሁ። ሰው ሊያጽናናው ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር አሉ የሚለው። ነግሬያት ነበር ነው የሚለው።”

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ምሕረት ተደርጎለት ለመጣ ሰው እንዴት አድርጌ ይቅርታ ልበለው? እጄ ግን ሥራውን ያውቃል። ከመሳቢያዬ አንድ አዲስ የሚያበራ አምስት ሳንቲም መርጬ፣ ገልብጬ አይቼ፣ በመስኮቱ ሥር ገፋሁለት።

አላነሣውም።

“ይሄንን ማን አየው?” አለኝ።

“እኔ” አልኩ።

በአንድ ጣቱ መልሶ ወደኔ ገፋው።

“እንግዲያው ሌላ ሰው ይየው።”

አባ ዋሪ ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ ተነሡ። አጠገቤ መጥተው ሳንቲሙን አነሡት፤ ሲጠብቁ እንደ ኖሩ ሰው ቀስ ብለው ገለበጡት፣ ከንፈሩን በጥፍራቸው ዞሩት፣ የወታደሩን ራስ አዩ፣ ማዶውንም አዩ። “ደህና ነው” አሉ። ጀማል ከሳቸው እጅ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና፣ ለሳቸው ብቻ ጎንበስ ብሎ ወጣ።